ልጅዎ አሜሪካ ሃይስኩል ሲገባ፦ ወላጅ ከትምህርት ቤቱ ጋር እንዴት ይከታተላል?

እኛ አገር ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ነው። "ወላጅ ይዘህ ና" ከተባለ ቤቱ ይሸበራል፤ ካልተባለ ሰላም ነው። ልጅን ለአስተማሪ ሰጥቶ "አደራ" ማለት ለብዙዎቻችን የመከባበር ወግ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን ይኸው ወግ ልጆቻችንን እየጎዳቸው ነው።

እዚህ ትምህርት ቤቱ አልጠራዎትም ማለት ልጁ ደህና ነው ማለት አይደለም። እርስዎ ዝም ካሉ ደግሞ ዝምታዎ እንደ ስምምነት ይቆጠራል። ልጁ የትኛውን ሂሳብ ይውሰድ፣ ለኮሌጅ የሚያበቁ ክላሶች ይሰጡት ወይስ ይቅሩበት የሚለው ነገር እርስዎ ሳይሰሙ ያልቃል።

ይህን የጻፍኩት በተለይ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዋሽንግተን ዲሲ ላሉ ቤተሰቦች ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁም ተጠቀሙበት፤ ቁጥሩ ይለያይ እንጂ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። እንግሊዝኛው የሚያስቸግርዎ፣ ሁለት ሥራ የሚሠሩ፣ ማታ ታክሲ የሚነዱ ወይም ሌሊት አረጋውያንን ሲንከባከቡ የሚያድሩ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ከሁሉም በላይ የእርስዎ ነው።

መጀመሪያ፦ ምዝገባ ላይ እውነቱን ይሙሉ

ልጅ ሲመዘገብ ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ቅጽ ይሰጣል። ብዙ ወላጆች እዚህ ላይ "እንግሊዝኛ" ብለው ይሞላሉ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ "ልጄን ኢሶል (እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆች የሚሰጥ ክላስ) ውስጥ ይከቱብኛል" የሚል ስጋት ነው። ግን አማርኛ ብለው ቢጽፉ የሚሆነው ይህ ነው። ልጁ የእንግሊዝኛ ፈተና ይፈተናል። ካለፈ በመደበኛው ክላስ ይቀጥላል። ካላለፈ የቋንቋ ድጋፍ ይመደብለታል። ያንን ድጋፍ አልፈልግም የማለት መብት አለዎት፤ ያን ጊዜም ቢሆን በየዓመቱ የሚሰጠው የእንግሊዝኛ ፈተና አይቀርለትም።

እኔ ግን እምቢ ለማለት አይቸኩሉ እላለሁ። ልጁ ከጓደኛው ጋር እንግሊዝኛ አቀላጠፈ ማለት የባዮሎጂ መጽሐፍ አንብቦ ይረዳል ማለት አይደለም።

ቅጹ ላይ ሌላም ጥያቄ አለ፤ ትምህርት ቤቱ እርስዎን በየትኛው ቋንቋ ያነጋግርዎት የሚል። ልጁ እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ቢናገር እንኳ እዚህ ላይ አማርኛ ብለው መሙላት ይችላሉ። የልጁ ቋንቋና የእርስዎ ቋንቋ ለየብቻ የሚታዩ ጉዳዮች ናቸው።

የስማችን ነገርም እዚሁ ላይ ያስቸግራል። አባት ተስፋዬ በቀለ፣ እናት አልማዝ ከበደ፣ ልጅ ዮናስ ተስፋዬ ናቸው እንበል። በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር አንድ ቤት ውስጥ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም አለ ማለት ነው። ልጁ ታሞ ሊወስዱት ሲሄዱ ቢሮ ያለችው ሴት ስሙ አልገጠመላትምና በር ላይ ታቆምዎታለች። ስለዚህ የአደጋ ጊዜ ተጠሪዎች በሚሞሉበት ቅጽ ላይ የእያንዳንዱን ሰው ስም ልክ መታወቂያው ላይ እንዳለው፣ ከነዝምድናው ይጻፉ። እናትም አባትም ይግቡበት። እርስዎ ሥራ ላይ ሲሆኑ ልጁን የሚወስድ አጎት ወይም ጎረቤት ካለ እሱም ይጨመር። ስልክ ሲቀይሩ በዚያው ሳምንት ያስለውጡ።

ልጁ በቅርቡ ከኢትዮጵያ የሚመጣ ከሆነ ሥራው እዚያ እያለ ይጀመር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ትራንስክሪፕት በእንግሊዝኛ፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበትን፣ ከትምህርት ቤቱ ያስወጡ። የየዓመቱን ካርድም ይያዝ። ይህ ወረቀት ከሌለ አሥረኛን የጨረሰ ልጅ እዚህ እንደገና ዘጠነኛ ሊገባ ይችላል። የልደት ማስረጃና የክትባት ካርድም ያስፈልጋሉ። ሜሪላንድ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የማጅራት ገትር፣ እንዲሁም የቴታነስ፣ ዲፍቴሪያና ትክትክ ክትባት ትጠይቃለች። "ዕድሜው ገፍቷል" ብለው ተስፋ አይቁረጡ፤ ሜሪላንድ ውስጥ እስከ 21 ዓመት ድረስ በነጻ መማር ይቻላል።

የመኖሪያ ወረቀት ያላለቀላችሁም አትፍሩ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በሰጠው ውሳኔ ማንኛውም ልጅ፣ ወረቀት ኖረው አልኖረው፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ የመማር መብት አለው። ትምህርት ቤቱ ማወቅ ያለበት የምትኖሩበትን አድራሻና የልጁን ዕድሜ ነው።

ቀጥሎ፦ የራስዎን አካውንት ይክፈቱ

የልጅዎ ውጤት፣ መቅረትና ማርፈዱ በየቀኑ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። ሜሪላንድ ባለው በሞንትጎመሪ ካውንቲም ቨርጂኒያ ባለው በፌርፋክስም ወላጅ የሚገባበት ፓረንትቪው በሚባል አፕ ነው፤ ሌላ ቦታ ሌላ ስም ይኖረዋል። የመክፈቻ ኮዱን የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ነው። ኮዱ ካልደረሰዎት ቢሮ ሄደው መታወቂያ አሳይተው ይውሰዱ። ልጅዎ በራሱ አካውንት ገብቶ እንዲያሳይዎት አይጠብቁ። የሚያሳይዎት ያማረለትን ነው፤ ልጅ ነውና።

አፑን በየቀኑ እየከፈቱ ልጁን ማስጨነቅ አያስፈልግም። በሳምንት አንዴ ይበቃል። እሑድ ማታ ልጁን አጠገብዎ አስቀምጠው ይክፈቱት።

ለምሳሌ እንግሊዝኛ ላይ ቢ ይላል እንበል። ቢ ጥሩ ነው ብለው አይለፉት፤ የክላሱን ስም ይጫኑት። ከሥሩ የእያንዳንዱ ሥራ ዝርዝር ይመጣል። አንዱ 28 ከ30፣ ሌላው 9 ከ10፣ ከዚያ ሁለት ቦታ ላይ "ሚሲንግ" የሚል ቃል። ሚሲንግ ማለት ልጁ ሥራውን አላስገባም ማለት ነው። ልጁ ትምህርቱ ገብቶታል፤ ውጤቱን የሚጥሉት ያልገቡት ሁለት ሥራዎች ናቸው። ብዙ አስተማሪዎች እስከ አንድ ቀን ድረስ ዘግይቶ የመጣን ሥራ ይቀበላሉ፤ ያ ቀን ሲያልፍ ግን በሩ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ጥያቄዎን ይምረጡ። "ለምን አላስገባህም?" ካሉት ጭቅጭቅ ይነሳል። "ይህቺን መቼ ታስገባታለህ?" ካሉት ቀን ይነግርዎታል። ያን ቀን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡትና በሚቀጥለው እሑድ ተመልሰው ይዩት።

ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት

ከመመሪያው ሁሉ ይህቺን ብቻ ቢይዙልኝ ደስ ይለኛል።

ልጅ ስለራሱ ጥፋት እንዲያስተረጉም መጠየቅ ለልጁም ከባድ ነው። አስተማሪዋ "ሦስት ሳምንት ሥራ አላስገባም" ትላለች፤ እሱ "ትንሽ ይቀረዋል ትላለች" ይላል። ውሸታም ስለሆነ አይደለም። ማንም ቢሆን በእሱ ቦታ እንደዚያ ያደርጋል። ከዚያ ደግሞ ቤት ውስጥ ሥልጣኑ ይገለበጣል፤ ወላጅ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በልጁ በኩል ብቻ ይሆናል።

አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ትምህርት ቤት ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳያገል ይከለክላል፤ የቋንቋ አገልግሎት የመጣው ከዚያ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ አውጥታለች፤ አማርኛም አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ዋና ዋና መልእክቶችን በአማርኛ ያወጣሉ። አገልግሎቱ በነጻ ነው። የሚያስተረጉመው ሰው የሰማውን ሌላ ቦታ ማውራት አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ "የሰፈር ሰው ይሰማብኛል" ብለው አይጨነቁ። ከተጨነቁም በስልክ የሚያስተረጉም ሰው ይጠይቁ።

ስልክ ደውለው የሚሉት ይህ ብቻ ነው፦ "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ።" ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉ ይጠብቁ። አንዳንዴ ደቂቃዎች ይፈጃል። ካልተሳካ በጽሑፍ ይላኩ፤ በአማርኛ ቢጽፉም ማስተርጎም የእነሱ ሥራ ነው። እንዲህ ማለት ይችላሉ (ካውንስለር የሚሉት ክላስ የሚመድበውን የትምህርት ቤቱን አማካሪ ነው)፦

"ጤና ይስጥልኝ። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሆነው የዮናስ ተስፋዬ እናት ነኝ። የምናገረው አማርኛ ነው። ስለ ሂሳብ ክላሱ ከካውንስለሩ ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ። እባካችሁ አስተርጓሚ አዘጋጁልኝ። ማክሰኞና ሐሙስ በአሜሪካ ሰዓት ከጠዋቱ 9:00 በኋላ ይመቸኛል።"

ሰዓቱን በአሜሪካ አቆጣጠር መጻፍዎን አይርሱ። "ጠዋት 3 ሰዓት" ብለው ከላኩ ተርጓሚው ካላስተዋለው ቀጠሮው ይምታታል። ቀጠሮው ከመድረሱ ጥቂት ቀናት ቀድመው ይጠይቁ፤ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደ ስፓኒሽኛው በየኮሪደሩ አይገኝም።

ስብሰባው ላይ አስተማሪዋን እያዩ ይናገሩ እንጂ አስተርጓሚውን አይደለም። አጠር አጠር አድርገው ይናገሩ። አስተርጓሚው ረጅም ንግግር በአንድ ቃል ከቋጨው "ሁሉንም ንገረኝ" ይበሉት። ያልገባዎት ወረቀት ላይ አይፈርሙ። "ቤት ወስጄ አንብቤ እመልሳለሁ" ማለት ነውር አይደለም።

አስተማሪውን ምን ይጠይቁ?

ሴፕቴምበር አካባቢ ወላጆች በሙሉ ማታ የሚጠሩበት ቀን አለ። በእያንዳንዱ ክላስ አሥር ደቂቃ ያህል እየተቀመጡ አስተማሪውን ይሰማሉ። ያ ቀን ለትውውቅ ነው፤ ስለልጅዎ ለብቻ የሚያወሩበት አይደለም። የብቻ ውይይቱ ብዙ ቦታ ኖቬምበር ላይ ነው። ያንን መጠበቅ ግን ግዴታ የለብዎትም፤ በማንኛውም ጊዜ ቀጠሮ መጠየቅ ይችላሉ።

የእኛ ሰው ቁጭ እንዳለ የሚጠይቀው "ልጄ እንዴት ነው? ጨዋ ነው?" ብሎ ነው። አስተማሪዋም ፈገግ ብላ "ግሩም ልጅ ነው፣ ክላሴ ውስጥ ስላለ ደስ ይለኛል" ትላለች። ወላጅ ደስ ብሎት ይወጣል። ልጁ ግን ዲ ይዞ ሊሆን ይችላል። እሷ የመለሰችው ስለ ጠባዩ ነው፤ አሜሪካኖች ደግሞ ወሬ የሚጀምሩት በምስጋና ነው። እርስዎ ቁጥር ያለው ጥያቄ ይጠይቁ። ዛሬ ውጤቱ ስንት ነው? ያላስገባው ሥራ ስንት አለ? የክፍል ደረጃውን የሚመጥን ንባብ ይችላል? ከዚህ ክላስ በላይ ወዳለው ለመግባት ምን ይጎድለዋል? በዚህ ሳምንት ቤት ምን ላድርግ?

የመጨረሻዋን ጥያቄ አይዝለሏት። አስተማሪዎች መልስ የሚያዘጋጁላት ጥያቄ እሷ ናት።

ልጅዎ የራሱ ካውንስለርም አለው። ክላስ የሚመደበው፣ የሚቀየረውም በእሱ በኩል ነው። በብርዱ ወራት፣ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ገደማ፣ የሚቀጥለው ዓመት ክላሶች ይመረጣሉ። ከባድ የሚባሉት፣ ኦነርስና ኤፒ የሚሏቸው፣ ለልጅዎ ካልተሰጡት ለምን እንደሆነ ይጠይቁ። ጎበዝ ልጅ ያላት እናት ዝም ስትል ልጇ ዝቅ ያለው ክላስ ውስጥ ሲቀር ማየት ያበሳጫል።

ክሬዲት ይቁጠሩ

ዘጠነኛ ክፍል መለማመጃ አይደለም። ኮሌጅ የሚያየው ጂፒኤ፣ ማለትም አማካይ ውጤት፣ የሚጀምረው ከዘጠነኛ የመጀመሪያ ቀን ነው። "አሥራ አንደኛ ላይ ይበረታል" የሚለው ስሌት እዚህ አይሠራም።

ክሬዲት ማለት ልጁ አንድ ክላስ ሲያልፍ የሚቆጠርለት ነጥብ ነው። ለመመረቅ ሞንትጎመሪ ካውንቲ 22 ክሬዲት ይጠይቃል። ዲሲ 24 ነው። ቨርጂኒያ በመደበኛው ዲፕሎማ 22፣ ከፍ ባለው 26 ነው። በየዓመቱ መጨረሻ ካውንስለሩን ስንት እንደተሞላና ምን እንደቀረ በወረቀት ይጠይቁት። ሞንትጎመሪ ላይ አንድ ሴሚስተር የወደቀ ልጅ ግማሽ ክሬዲት ያጣል፤ ያ ግማሽ በሰመር ትምህርት ቶሎ ካልተተካ አሥራ ሁለተኛ ላይ ያንቃል።

ከክሬዲቱ ሌላ የበጎ ፈቃድ ሰዓት አለ። ሜሪላንድ 75 ሰዓት፣ ዲሲ 100 ሰዓት። ብዙ ልጆቻችን ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉና ወላጅ "ሰዓቱ ሞልቷል" ብሎ ይቀመጣል። ሞንትጎመሪ ላይ መንፈሳዊ አገልግሎት አይቆጠርም። መዘመር፣ ማስቀደስ፣ ድቁና አይገቡም። ለችግረኛ ምግብ ማደል ወይም ልጆችን ሂሳብ ማስጠናት ግን ሃይማኖታዊ ካልሆነ ሊገባ ይችላል። ልጁ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ትምህርት ቤቱን አስፈቅዶ ቅጹን ያስሞላ።

መቅረትና በዓል

ልጁ ሲቀር ጠዋቱኑ ያሳውቁ፣ ሲመለስም ደብዳቤ ይላኩ። ደብዳቤ ካልገባ መቅረቱ ያለ ፈቃድ ተብሎ ይመዘገባል። ገና በጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት፣ ስቅለት፣ እንዲሁም ኢድ የሃይማኖት በዓል ስለሆኑ ልጁ በወላጅ ደብዳቤ በፈቃድ ሊቀርባቸው ይችላል፤ ያመለጠውንም ፈተና በኋላ ይፈተናል።

የትምህርት ዓመቱ 180 ቀን ያህል ነው። አሥር በመቶውን፣ ማለትም 18 ቀን፣ በፈቃድም ሆነ ያለ ፈቃድ የቀረ ልጅ ሥር የሰደደ ቀሪ ተብሎ ይያዛል። ቤተሰብ ለመጠየቅ አገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ በሰመር ይሁን። ለቅሶ ደርሶ በመካከል መሄድ ግድ ከሆነ ሳይነሱ በፊት ለትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ሳይናገሩ ረጅም ጊዜ የቀረን ልጅ ከመዝገብ ሊያወጡት ይችላሉ።

እርዳታ ሲያስፈልግ

የነጻ ምሳ ቅጽ በየዓመቱ ይሞላል። "እኛ ምግብ አልቸገረንም" ብለው አይተዉት። ገቢዎ ለዚያ የሚያበቃ ከሆነ ቅጹ ከምሳ በላይ ይጠቅማል። ልጁ ኤስኤቲ የሚባለውን የኮሌጅ መግቢያ ፈተና በነጻ ሊፈተንና የኮሌጅ ማመልከቻ ክፍያም ሊቀርለት የሚችለው ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ነው።

ልጁ እየተጋ የማይሳካለት ከሆነ፣ ንባብ የሚከብደው ወይም አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል ከሆነ በጽሑፍ "ልጄ ይመርመርልኝ" ብለው ይጠይቁ። በቃል የተነገረ ይረሳል፤ የተጻፈ ቀን አለው። ምርመራው ነጻ ነው። አይኢፒ የሚባለው፣ ለልጁ የሚወጣለት የልዩ ድጋፍ እቅድ፣ ያለእርስዎ ፊርማ አይጀመርም። "ስፔሻል ኤዱኬሽን" ሲባል ማኅበረሰባችን የሚሰማው "ዘገምተኛ" የሚለውን ነው። እውነቱ ሌላ ነው። ፈተና ላይ ተጨማሪ ሰዓት ወይም ጸጥ ያለ ክፍል ተሰጥቷቸው በጥሩ ውጤት ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ልጆች ብዙ ናቸው። ወሬን ፈርቶ ልጁን ያለ እርዳታ ማስቀረት ግን የዕድሜ ልክ ጉዳት ነው።

ልጅዎ ክፍሉን ዘግቶ የሚውል፣ የማይበላ፣ ድንገት ጓደኞቹን የተወ ከሆነም ጸበሉም ጸሎቱም እንዳለ ሆኖ ካውንስለሩን ያነጋግሩ። በማንኛውም ሰዓት 988 በሚባለው የአእምሮ ጭንቀት እርዳታ መስመር ላይ ደውሎ ወይም ጽፎ የሚያናግር ሰው ማግኘት ይቻላል።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት

ሜሪላንድ ውስጥ የሃይስኩል ተማሪ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክላስ ሲወስድ የኮሌጁን ክፍያ አይከፍልም፤ ይህ የመጣው በ2021 ከወጣው የስቴቱ የትምህርት ሕግ ጋር ነው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅን የመሰለ ቦታ ላይ ልጁ ዲፕሎማውን ሲወስድ የተወሰነ የኮሌጅ ክሬዲት በእጁ ይዞ ይወጣል። ካውንስለሩን በዚህ ስሙ ይጠይቁት፦ ዱአል ኢንሮልመንት።

ለኮሌጅ የገንዘብ እርዳታ የሚሞላው ፋፍሳ ዘወትር ኦክቶበር አካባቢ ይከፈታል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደገባ ታክስዎን አዘጋጅተው ይጠብቁ። ቅጹ ላይ የሚገባ ወላጅ የራሱን አካውንት ይከፍታል፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም አሁን መክፈት ይችላል። ለማንም ገንዘብ ከፍለው አያስሞሉ። ፋፍሳ ነጻ ነው፤ ትምህርት ቤቶችም የሚያግዙበት ምሽት ያዘጋጃሉ።

አንድ ነገር ልጁ 18 ሳይሞላው ይነጋገሩበት። 18 ሲሞላው ወይም ኮሌጅ ሲገባ የትምህርት መረጃው ባለቤት እሱ ይሆናል። ኮሌጁ ደግሞ እርስዎ ክፍያውን እየከፈሉ እንኳ ውጤቱን አልነግርም ሊልዎት ይችላል። ልጁ መረጃው ለወላጆቹ እንዲሰጥ የሚፈቅድበት ቅጽ አለ። ሲመዘገብ አብረው ሄደው፣ ተስማምቶበት፣ በዚያው ቀን ይፈርም።